ወላጆቻችሁ ሲመጡ መንደሩን ከፓርኩ አስቀድሙ

ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለሚሄዱ ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቪዛ፣ ስለ ጤና ኢንሹራንስና ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ብዙ ተነግሯችኋል። እኔ እንዳነሳ የተጠየቅሁት በሥልጠና ላይ ብዙም ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ነው። አገልግሎት ላይ እያላችሁ እናትና አባታችሁ ሊጠይቋችሁ ቢመጡ እንዴት ትቀበሏቸዋላችሁ?

በሻይ ሰዓት አንዲት ልጅ «ታንዛኒያ ከተመደብኩ እማዬን አምጥቼ አንበሳ አሳያታለሁ» አለችኝ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አሳዪያት። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወላጆቻችሁን ከአውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ ወደ ፓርክ አትውሰዷቸው። መጀመሪያ የምትሠሩበት መንደር ይግቡ። እዚያ ጥቂት ቀን ይደሩ። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ይብሉ። አንበሳው የትም አይሄድም፣ ይደርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

እኔ ያገለገልኩት በሰሜን ታንዛኒያ፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በሚገኝ መንደር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከአገሩ መምህራን ጋር አስተምር ነበር። ወላጆቼ ዲላ ነው የሚኖሩት። አባቴ በጌዴኦ ዕድሜውን ሙሉ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሴት ስትወልድ መጀመሪያ ከሚጠሩት እናቶች አንዷ ናት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሌላ አገር መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። የአሜሪካው ሰላም ጓድ፣ በተለምዶ ፒስ ኮር የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹን ፈቃደኞች ከላከባቸው አገሮች መካከል ጋናና ያኔ ታንጋኒካ ትባል የነበረችው ታንዛኒያ ነበሩ። በዓመቱ ወደ እኛ አገርም መጡ። እዚህ ካላችሁ ታላላቆች ውስጥ እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ በእነሱ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። እኛም ዝም ብለን ተቀባይ ብቻ አልነበርንም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ከአገራቸው ውጭ ባለ ሌላ የአፍሪካ አገር ያሰማራል።

አባቴ ዘማች ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ነው የዘመተው። ስለዚያ ዘመን ደጉንም ክፉውንም ይናገራል። በፈቃድ ሄደ ማለት እንደማይቻልም ያውቃል። ግን ከማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ ማደርን፣ ከማያውቀው ገበሬ መማርን የተማረው ያኔ ነው። እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። ወላጆቻችሁ ባዶ እጃቸውን የሚመጡ ጎብኚዎች አይደሉም። በሥራችሁ ላይ የሚናገሩት ነገር አላቸው። ፓርክ ውስጥ ብቻ ካዞራችኋቸው ያን አትሰሙም።

ስለ ጊዜ አመራረጥ በቶሎ ልናገር። ታንዛኒያ ውስጥ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ሲበረታ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። ስለዚህ ሐምሌ ጥሩ ነው። እንስሳቱም በደረቁ ወቅት ውኃ ፍለጋ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰቡ ለማየት ይቀላል። ትምህርት ቤት የምትሠሩ ከሆነ ወላጆቻችሁ ትምህርት ባለበት ሳምንት ቢደርሱ ይሻላል። ዕረፍት ላይ ከመጡ የሚያዩት የተዘጋ ክፍል ነው።

ጉዞው አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቪዛውን ግን በጊዜ ያመልክቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። ደጋ ያደገ ሰው ወባ በቀላሉ ይጥለዋል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዙት፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር።

እናቶች፣ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ክልከላው መንገደኛንም ይመለከታል። በርበሬውንም፣ ሽሮውንም፣ ድርቆሹንም በፌስታል ጠቅልላችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት።

ሰዓት የማስተካከል ጣጣ የለም። ሁለቱ አገሮች ያሉት በአንድ የሰዓት ክልል ነው። ከዚያም በላይ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት ይላሉ። አባቴ ሾፌሩ «ጠዋት ሁለት ሰዓት እንነሳለን» ሲል ስተረጉምለት ቆም ብሎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀኝ። በእኛው ነው አልኩት። በጣም ደስ አለው። ልጆቹም ሲያገኙት «ሺካሞ» እያሉ ሰላም ይሉታል። ታናሽ ለታላቅ የሚያቀርበው የአክብሮት ሰላምታ ነው። ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ይህን አንዲት ቃል ለወላጆቻችሁ ቀድማችሁ አስጠኗቸው። ለሰላምታው መልስ የማይሰጥ ሽማግሌ እዚያም ቅር ያሰኛል።

አሁን ወደ መንደሩ ልግባ።

በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያዊ ሲባል ሰዎች የሚያስታውሱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሯጮቻችን ናቸው። ሁለተኛው ልብ ይሰብራል። በኬንያና በታንዛኒያ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሻገር ሲሞክሩ የሚያዙ ወንድሞቻችን ናቸው። ዜናቸው በየጊዜው ይነገራል። በጭነት መኪና ታጭቀው የተገኙ፣ እስር ቤት የገቡ ልጆች ናቸው። ጎረቤቶቼ ይህን በሐዘኔታ እንጂ በክፋት አያነሱትም። ግን ኢትዮጵያ ለብዙዎቹ ሰው የሚሸሽባት አገር ናት። እኔ ብቻዬን ስኖርም፣ ሳይናገሩት፣ ከቤተሰቤ የተለየሁ ልጅ አድርገው ነበር የሚያዩኝ።

ወላጆቼ ሲመጡ ይህ ተለወጠ። የሚያሳስቡኝ፣ የሚፈልጉኝ፣ ሊያዩኝ ባሕር ማዶ ባይሆንም ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች እንዳሉኝ ታየ። ከዚያ ቀን በኋላ ባልደረቦቼ በስሜ ብቻ አይጠሩኝም። «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም። ስሳሳት ደፍረው ያርሙኝ ጀመር። የሰው ልጅ መሆኔን ያዩት ወላጆቼን ሲያዩ ነው። እኛም እኮ እንዲሁ ነን። አንድ ልጅ ሰፈራችን ቢመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብለን ነው።

እናቴ የከፈተችውን በር ልንገራችሁ። አብራኝ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። በተራራው ግርጌ በሚኖሩት በቻጋዎች ባህል አራስ ለወራት ታርፋለች። ሥራ አትነካም። ምቶሪ የሚባል፣ ከሙዝና ከሥጋ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ይቀርብላታል። እኔ እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ስጦታ ልኬ ነበር። ከበር አላለፍኩም። ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ ሴት ስለነበርኩ ማንም ግቢ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

እናቴ ገና ወሬውን እንደሰማች ተነሳች። «አራስ ባለችበት ሰፈር ገብቼ ሳልጠይቅ ልውል ነው?» አለች። ቋንቋ አታውቅም። ግን በሩ ላይ እንደደረስን አያትየዋ እጇን ይዘው አስገቧት። እኔም አስተርጓሚ ሆኜ ተከትዬ ገባሁ። ሕፃኑን ታቀፈች። ሆዱን አየች። አያትየዋ ምቶሪው እንዴት እንደሚሠራ ነገሯት። እሷ ስለ ገንፎ ነገረቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ስለ ጡት ወተት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ወገብ ሕመም መነጋገር ጀመሩ። አንዳንዱን ሳልተረጉም ተግባቡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ መንደሩ ሴቶች የሰማሁት፣ በመምህራን ክፍል ሻይ ላይ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። መምህርቷ ወደ ሥራ ስትመለስ ማጥባትና ማስተማርን እንዴት እንደምታስኬድ መጨነቋን የነገረችን ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ነው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ለእሷ እንዲመች ያዛወርነው። እናቴ ባትመጣ ይህን አላውቅም ነበር።

አባቴ ደግሞ የሄደው ወደ ማሳው ነው።

የኪሊማንጃሮን ተዳፋት ለማታውቁት ልግለጽ። ቻጋዎች ኪሃምባ የሚሉት የቤተሰብ ይዞታ አላቸው። ቤቱ መሐል ነው። ዙሪያውን ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ሙዝ፣ ከሙዙ ሥር ቡና፣ ከዚያ በታች ጎመንና ሥራ ሥር ይበቅላል። ላምና ፍየል እዚያው ታስረው ይቀለባሉ፣ ፍጋቸው ለሙዙ ይሆናል። የቤተሰቡ መቃብርም ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከእነዚህ መንደሮች አንዱን፣ ሺምብዌ ጁን፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ይህን የሰማ የጌዴኦ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከመሐል፣ ቡና ከሥር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አባቴ ከመኪና ሲወርድ ሙዙን ከሩቅ አይቶ «እንሰት አላቸው እንዴ?» ነበር ያለው። ቀርቦ ሲያይ ሙዝ ሆነ። ግን አሠራሩ ያው ነው። አንድ ቁራጭ መሬት ብዙ ሰው የሚያኖርበት፣ ገደል ሳይታጠብ የሚታረስበት ጥበብ ነው።

ሁላችንም ባቡ፣ አያታችን፣ የምንላቸው ሽማግሌ ይዞታቸውን አዞሩት። እሳቸው የሚያሳዩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ምፎንጎ። ከተራራው ጅረት እየተጠለፈ በየማሳው የሚወርድ ቦይ ነው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የተቆፈሩ አሉ። አባቴ ጥያቄ አከታተለ። ቦዩን ማን ይጠርጋል? ተራ የሚያወጣው ማነው? ተራውን የዘለለ ምን ይቀጣል? ባቡ በበትራቸው መሬት ላይ እየሣሉ አስረዱት። ቦዩን የሚያስተዳድር ኮሚቴ አለ። ጽዳት ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። ውኃው በተራ ነው። አባቴ ማስታወሻ ይዞ ነበር። በሥራ ዘመኑ የውኃ ጠብ ሲዳኝ እንደኖረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለእኔ አውርቶኝ አያውቅም ነበር። ልጅ ስለ አባቱ ሥራ የሚሰማው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ስለ ቡናም ተነጋገሩ። የኪሊማንጃሮ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተ ነው፣ በአፍሪካ ካሉት አንጋፋዎች አንዱ ነው። ባቡ አባታቸው ለዩኒየኑ ቡና ያስረክቡ እንደነበር ነገሩን። የዋጋ ነገር ሲነሳ ሁለቱም ሽማግሌዎች ድምፃቸው ከፍ አለ። የቡና ገበሬ ቅሬታ የትም አንድ ነው።

ከዚያ አንድ ከባድ ጉዳይ መጣ። ባቡ የእንሰትን ነገር ሲሰሙ ችግኝ እንዲላክላቸው ጠየቁ። አባቴ ሳያመነታ «አይሆንም» አለ። እኔ በይሉኝታ ቃሉን ላለሳልስ ስሞክር «በትክክል ተርጉሚልኝ» ብሎ ቆጣ አለ። ምክንያቱን ዘርዝሮ አስረዳቸው። የእንሰት አጠውልግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ። በሳይንስ ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በኢትዮጵያ እንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ። ከዚያ ኮንጎን፣ ሩዋንዳን አልፎ የታንዛኒያ ሰሜን ምዕራብ ደረሰ። በታመመ ችግኝና ባልጸዳ ቢላ ይተላለፋል። የያዘው ተክል አይድንም። ባቡ ረጅም ሰዓት አዳመጡ። ከዚያ ልጆቻቸውን ጠርተው ከሌላ ቦታ የመጣ የሙዝ ችግኝ ሳይመረመር እንዳይተክሉ፣ ቢላቸውንም በእሳት እንዲያጸዱ ነገሯቸው። አባቴ ይዞት ከመጣው ስጦታ ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ወላጆች፣ ዘርና ችግኝ በሻንጣ አትያዙ። ለማንም ፍቅር ብላችሁ ቢሆን።

ትምህርት ቤቱን ያየነው በማግሥቱ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚሰጠው በስዋሂሊ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በአንዴ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ እስከ ፎርም ፎር፣ ማለትም እስከ ሁለተኛ ደረጃ አራተኛ ዓመት፣ ክፍያው ስለተነሳ ብዙ ልጅ መጥቷል። ክፍሉ ይጨናነቃል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን መጀመሪያ ዓመት ላይ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም። እኔና ባልደረባዬ የሳይንስ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ከሥዕል ጋር የሚያስረዳ ደብተር እያዘጋጀን ነበር። አባቴ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ተከታተለ። ስንወጣ አላመሰገነኝም። «አንቺ ስትሄጂ ይህን ማን ይዞ ይቀጥላል?» አለኝ። ዘመቻ ላይ የከፈቱት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ እነሱ ሲመለሱ እንደተዘጋ ነግሮኝ ያውቃል። ያ ጥያቄ የአገልግሎቴን የቀረውን ጊዜ ወሰነው። ደብተሩን በእኔ እጅ ማዘጋጀት አቆምኩ። ባልደረባዬ ይጽፋል፣ እኔ አያለሁ። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ይህን ጥያቄ በቅጽ ላይ ይጠይቋችኋል። አባት ሲጠይቃችሁ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልጆቹ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ተማሪዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ የሚታዩ ትርኢት አይሁኑ። ክፍል አቋርጣችሁ አታዘምሯቸው። ፈቃድ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ከረሜላና እስክሪብቶ በእጅ አታድሉ። መስጠት ከፈለጋችሁ ርዕሰ መምህሩን ምን እንደጎደለ ጠይቃችሁ በእሱ በኩል ስጡ። አሩሻና ሞሺ ከተሞች ከመላው ዓለም በጎ ፈቃደኛ የሚጎርፍባቸው ናቸው። አንዳንዱ ለጥቂት ቀን የሕፃናት ማሳደጊያ ገብቶ ልጅ አቅፎ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ልጁ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይለምዳል፣ በየሳምንቱ ይለየዋል። ይህን ወላጆቻችሁ እንደ ጉብኝት እንዳያዩት አደራ። ልብ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ ያሳዝናቸዋል፣ ገንዘብም ይሰጣሉ። ግን ልጁን አይጠቅመውም።

ሌላም አለ። ታንዛኒያ በጎ ፈቃደኛ የሚሠራው ክፍል ሲ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው፣ ያለ ክፍያ ቢሆንም፣ ሥራ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ወላጆቻችሁ እንግዶች ሆነው ይቆዩ። አባቴ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ፓርኩ። ከመንደሩ በኋላ ሲሆን ደስታውም ይጨምራል።

ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ሁሉን ለማየት አትሩጡ። ከአሩሻ ተነሥቶ ታራንጊሬና ንጎሮንጎሮ ይበቃል። ታራንጊሬ የዝሆንና የባኦባብ ዛፍ አገር ነው። በደረቁ ወቅት መንጋው ወንዙን ይዞ ይከርማል። ሰረንጌቲ ትልቅ ነው፣ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ይወደዳልም። ግን ከንጎሮንጎሮ በር ወዲያ መንገዱ አቧራና ጠጠር ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው ይከብዳል። ላንድክሩዘሩ ላይ መውጣትም ለእናቴ ጉልበት ቀላል አልነበረም። ሾፌሩ ደረጃ የምትሆን ትንሽ በርጩማ አዘጋጀላት። መኪና ስትከራዩ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ የፈጠረው ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ጥልቀቱ 600 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠርዙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ስለሚበልጥ ሐምሌ ላይ ይበርዳል። ጋቢ ይያዙ። ታች ሲወርዱ ጎሽ፣ የሜዳ አህያ፣ አንበሳ፣ ዕድል ከቀናም ጥቁር አውራሪስ ይታያል። ቀጭኔ ግን እዚያ የለም፣ ሌላ ቦታ ነው የምታዩት። እናቴ አንበሶቹ መኪናው ጥላ ሥር ሲተኙ ስታይ በስመ አብ ብላ ጸሎቷን ጀመረች። ከዚያ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ጥበቃ ክልሉ ውስጥ ማሳዮች ይኖራሉ። ከብት ያረባሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ምሶሜራ ወደሚባል ሌላ አካባቢ እንዲዛወሩ የተጀመረው ነገር ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። ለወላጆቻችሁ ይህንንም ንገሯቸው። የምናደንቀው ሜዳ ሰው የሚኖርበት፣ የሰው ጥያቄ ያለበት ነው።

ከንጎሮንጎሮ ወደ ሰረንጌቲ በሚወስደው መንገድ የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበት ኦልዱቫይ ገደል አለ። ሙዚየም አለው። ለኢትዮጵያዊ ይህን ማለፍ አይገባም። ከዚያ ወደ ደቡብ ባለው ሌቶሊ እ.ኤ.አ. በ1978 በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የቀረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። ዕድሜው 3.66 ሚሊዮን ዓመት ነው። የተራመዱት የእኛዋ ሉሲ ወገን እንደሆኑ ነው ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚያምኑት። ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ነው። አጥንቷ እኛ ጋ፣ ዱካው እዚያ። አባቴ አስጎብኚውን «እኛ ጋ ናትና መጥተህ እያት» ብሎ ጋበዘው።

ስለ ወጪ በግልጽ እንነጋገር። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ወላጆቻችሁ የሚከፍሉት እንደማንኛውም የውጭ ዜጋ በዶላር ነው። እናንተ የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በብሔራዊ ፓርኮች የነዋሪ ዋጋ ይመለከታችኋል። ወደ ንጎሮንጎሮ ጎድጓዳ ለመውረድ ደግሞ ለመኪናው ለብቻው ይከፈላል፣ ወደ 300 ዶላር ይጠጋል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከጉዞ በፊት አረጋግጡ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ፓርክ ብቻ ከሆነ ንጎሮንጎሮን ምረጡ። ምንም ካልበቃም አትዘኑ። በኪሊማንጃሮ ተዳፋት ያሉት የማራንጉ ፏፏቴዎችና በንጋት ደመና ሲገለጥ የሚታየው የ5,895 ሜትሩ ተራራ ብዙ አያስከፍሉም።

ጾም ላይ ከሆኑ ለሾፌሩና ለምግብ አዘጋጁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ፣ አቮካዶ፣ ካቹምባሪ የሚባለው የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ በቀላሉ ይገኛል። በሣጥን የሚታሸገው የሳፋሪ ምሳ ግን ካልተነገረ ዶሮና እንቁላል ይኖረዋል።

ዛንዚባርን ብዙ ሰው ይመክራል። ውብ ናት፣ የድንጋይ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ የቆመውን ካቴድራል ማየት ተገቢ ነው። ግን ሙቀቱ ለደገኛ ሽማግሌ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮም የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የሚያስከፍል ኢንሹራንስ ግዴታ አለበት። ጊዜና አቅም ካለ ሂዱ።

እኛ የመጨረሻውን ቀን አሩሻ አሳለፍን። እ.ኤ.አ. በ1967 የታንዛኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ የሶሻሊዝም መርሐቸውን፣ የአሩሻን አዋጅ፣ ያወጡባት ከተማ ናት። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤትም እዚያ ነው። አባቴ ኔሬሬን ከወጣትነቱ ጀምሮ በስም ያውቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የነፃ አውጭ ኮሚቴው መቀመጫ ዳሬሰላም እንዲሆን ተወሰነ። የሞዛምቢክ፣ የዚምባብዌ፣ የደቡብ አፍሪካ ታጋዮች እርዳታ ያገኙ የነበረው በዚያ በኩል ነው። አባቴ ይህን ለሾፌራችን ነገረው። ወጣት ነው፣ አያውቀውም ነበር። እስከ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እያስተረጎሙኝ ስለዚያ ተነጋገሩ።

ባቡና አባቴ ዛሬም ይደዋወላሉ። የሚያስተረጉምላቸው እኔ ከተመለስኩ በኋላ የባቡ የልጅ ልጅ ነው፣ ከተማሪዎቼ አንዱ የነበረ። አባቴ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጁ ወደ ስዋሂሊ ይመልሰዋል። አብዛኛው ወሬ ስለ ቡና ዋጋና ስለ ዝናብ ነው። ባለፈው ደግሞ ባቡ ቦዩን ለመጠገን ሲሚንቶ ይሻላል ወይስ ድንጋይ ብለው ጠየቁት። አባቴ የቦዩን ተዳፋት ለክተው እንዲነግሩት መልሶ ጠይቋል፣ ልኬቱን እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።